ቀዛፊ ፊቱ ወዴት ነው

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፦

እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ጤናስ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየያዝክ ነው የምትነሳው? ባለቤትህስ ደህና ናት ወይ? ሳሉ ተዋት? ልጃችሁስ? ጥርሱን እየነቀለ ነው ካልከኝ ከረመ፤ መቼም እስካሁን አብቅሎ ሰው መንከስ ሳይጀምር አልቀረም። ሥራስ እንዴት ነው? ያ ሲያስነጥስ ሠራተኛው ሁሉ የሚደነግጥለት አለቃህ አሁንም አለ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ልጆቹ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔም እጄ ከመቀስ፣ እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳይለይ አለሁ። ከዚህ በላይ ደህንነት ከየት ይመጣል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ሰሞኑን ስትደውል ያላነሳሁት ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። ለባለቤትህ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኳትም ውሸቴን ነው፤ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ተቀይሜህ ነው። ከቅያሜውም ይልቅ ድምፅህን ስሰማ የምለው ጠፍቶኝ እንዳልጮህ ፈራሁ። ደግሞ አውቅሃለሁ፤ የዚያን ማታ ነገር ገና ብልጭ ሳደርገው ወይ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ በር ይንኳኳብሃል፣ ወይ የጣድከው ድስት ያርርብሃል። እንዴ፣ አንድ ሰው ቤት ስንት ጊዜ ድስት ያርራል? ወረቀት ግን አይቆረጥም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነው የምነግርህ፤ አለዚያ ለእኔም ይምታታብኛል።

የምሠራበት ስፌት ቤት ሰሞኑን ትልቅ ሥራ ገብቶለት ነበር። እዚህ ከተማ ፕላኔታሪየም የሚባል ቤት አለ። ጣሪያው እንደ ተደፋ ሳፋ ክብ ነው። ሰው ከሥሩ ወንበር ላይ ጋለል ይላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ መሀል ላይ የቆመው ማሽን ደግሞ ሰማዩን ከነኮከቡ ጣሪያው ላይ ያወጣዋል። የበሩ መጋረጃ አርጅቶ ብርሃን ስለሚያሾልክ አዲስ እንድንሰፋላቸው አዘዙን፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ገበሩ ድርብ የሆነ። ጨርቅ ቆራጫችን፣ ዕድሜ ልካችንን ሰው እንዲታይ ስንሰፋ ኖረን ዛሬ ጨለማ በሜትር መቸርቸር ጀመርን እያለ ሲያስቀን ከረመ። እኔ ግን ጨርቁ ጭኔ ላይ ሲያርፍ ሳቄ ጠፋ። ክብደቱ የልጆቼን አባት ካፖርት ነው ያስታወሰኝ። ታስታውሰዋለህ፤ እኔው የሰፋሁለት፣ አንተ ይሄ ካፖርት ነው ወይስ ፍራሽ እያልክ የምታሾፍበት። ለሐይቁ ብርድ ብዬ ነበር ያወፈርኩት። ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

መጋረጃውን ልንሰቅል የሄድን ዕለት የተቀበለን ባለ ማሽኑ ነው። ቀጭን፣ ትሁት፣ ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ ሰው። ስፌቱ በውጭ መሆኑን ስነግረው፣ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ስለሚውል እስከ ዛሬ ማንም ነግሮት እንደማያውቅ አጫወተኝና ሳቀ። መሰላል ላይ ወጥቼ የመጋረጃውን ቀለበቶች ስሰካ ልጆች አሉሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሉኝ ስለው ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ፣ በነጻ ትገባላችሁ አለኝ። በኋላ ላይ ምነው ያን ዕለት የሉኝም ባልኩት ብዬ ነበር። አሁን ግን አልልም።

ልጄን ታውቃታለህ፤ ዳኛዋ ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። አንተና አባቷ ዳቦ ስትካፈሉ «የአጎቴ ይበልጣል» ብላ ከእጅህ ቆርሳ ለአባቷ የጨመረችለት ዕለት ነው ያወጣህላት። አሁን ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ዳኝነቷም አብሯት አድጓል። ጎረቤት ሲጣላ እንኳ ማን እንደ ጀመረ ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም። ትንሹ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። አባቱ ሲሞት ገና ሆዴ ውስጥ ስለነበር የቤታችንን ሐዘን እንደ ተረት ነው የሚሰማው። ሰማይ ልናይ ነው ስለው፣ ሰማይ ላይ ይበርዳል ብሎ ሹራብ በሹራብ ደርቦ ተዘጋጀ። አውቶቡስ ውስጥ በላብ ተጠምቆ፣ አውልቅ ቢሉት እምቢ ብሎ ደረሰ።

ገባን። ወንበሮቹ ሰው ሲነሳ በራሳቸው የሚታጠፉ ናቸው። ልጆቹን በግራዬ አስቀመጥኩ፤ በቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ቀረ። መብራቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፣ እኔ ወደ መጋረጃዬ። ክር የምታህል ብርሃን እንኳ አላሳለፈም፤ በሥራዬ ኮራሁ። ከዚያ ኮከቦቹ ወጡ። ወንድም ጋሼ፣ ልክ የሐይቃችን ዳር ሰማይ! ያን ሁሉ ኮከብ ካየሁ ስንት ዘመን ሆነኝ፤ የከተማ ሰው እኮ ሰማይ የለውም። ትንሹ ማነው ያበራቸው ብሎ ሲጮህ ፊት ያሉት ዞረው ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል በቀኜ ያለው ወንበር ሲጥ አለ። ዞር ብዬ ባይ ወንበሩ ወርዷል፤ ሰው እንደ ተቀመጠበት ተዘርግቷል። ሰው ግን የለበትም። ቦርሳዬን አስቀምጬበት ይሆናል ብዬ ስዳብስ ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። የወንበሩ ጨርቅ እጄን በረደኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀኜ አልዞርኩም።

ባለ ማሽኑ ለልጆቹ ጨዋታ አመጣ። ጨረቃ በሞላች ማታ ብርሃኗ ኮከቦቹን እንደሚሸፍን፣ ጨረቃ በሌለች ማታ ግን ሰማዩ በኮከብ ጢም እንደሚል አስረዳቸው። ማሽኑ ያለፈውን የየትኛውንም ቀን ሰማይ መልሶ ያወጣል። ቀንና ሰዓት እየጠራችሁ ሞክሩ፤ ከሁሉ የባሰ ጨለማ ማታ ያገኘ ልጅ ይህን ኮከብ የምጠቁምበትን መብራት ይይዛል አላቸው። ልጆቹ በየተራ የልደት ቀናቸውን ጠሩ። ለአንዱ ግማሽ ጨረቃ ወጣችበት፣ ለአንዷ እንደ ጥፍር የቀጠነች። ያኔ ዳኛዋ እጇን አወጣች። እኔ የማውቀውን ማታ የሚያህል ጨለማ ማንም የለውም አለች።

እስቲ ፍረድ። ይቺ ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስለ አባቷ ሞት የሰማችው ጨለማውን ነው። አንተ ያኔ የተናገርከውን ቃል በቃል ታውቀዋለች። ከሐይቁ ማዶ ዕቃ አራግፋችሁ ባዶ ጀልባ ይዛችሁ ስትመለሱ መሸባችሁ፤ አንተ ትቀዝፋለህ፣ እሱ ከኋላ ተቀምጧል፤ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነበር፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ብቻ ሰማህ፤ ስሙን እየጠራህ ብትዞር ብትዞር ምንም አላየህም። አገሩ ሁሉ የሰማው ይህንኑ ነው። በዋና አንተን የሚስተካከል አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ዋና አያውቅም። ቢያየው ኖሮ ዘሎ ያወጣው ነበር፣ ጨለማው ነው የበላው ተባለ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያን ጨለማ ሲረግም ዋለ። አንተም ብዙ ሳትቆይ ጀልባውን ለሰው ትተህ አገር ለቀህ ሄድክ፤ እኔም ውሃ ማየት ሲያቅተኝ ልጆቼን ይዤ እዚህ ገባሁ። ሌላ ያወረስኳቸው ነገር የለም፤ ያንን ጨለማ ግን አወረስኳቸው።

ስለዚህ ልጄ የዚያን ማታ ቀንና ዓመት እንደ ልደቷ ቀን ስለምታውቀው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ብላ ጨምራ፣ የሐይቃችንን ስም ነግራ ጠራችለት። ላስቆማት እጇን ስይዘው ጠርታ ጨርሳለች።

ሰማዩ ወደ ኋላ ይሽከረከር ጀመር። ጨረቃዎች ሲወጡ ሲገቡ፣ ሲሞሉ ሲጎድሉ ራሴን አዞረኝ። ሲቆም ከወደ ምሥራቅ ድቡልቡል ያለች ጨረቃ ቁጭ ብላለች። ሙሉ። ምንም ያልጎደላት። አዳራሹ በሙሉ ነጣ፤ የልጆቹን ሁሉ ፊት አየሁ፣ የሰቀልኩትን መጋረጃ ጠርዝ አየሁ። ልጆቹ ይሄ ነው ጨለማሽ ብለው አሽካኩባት። ልጄ አልሳቀችም። ተነሥታ ማሽኑ ተሳስቷል አለች። ባለ ማሽኑ ቀኑን እንደገና ጠየቃት፣ ቁልፉን እንደገና ነካካ፤ ያቺው ጨረቃ እዚያው። ልጅቷ ለምን እንዲያ እንደምትሟገተው ሳይገባው፣ ሊያባብላት ብሎ ነው እንዲህ ያላት፦ «የኔ እመቤት፣ ማሽኑ ጨረቃን አይስትም። ደመናን ግን አያውቅም።»

ደመና የምትለዋን ቃል እንደ ምርኩዝ ይዘን ወጣን። አውቶቡስ ስንጠብቅ ደመና ነበረ አይደል እማዬ አለችኝ። አዎ፣ ድፍን ደመና ነበረ አልኳት። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ትንሹ ብቻ ጨረቃዋ ታምር ነበር እያለ ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ ያስራል። ቤት ስንደርስ ማንም ራት በቅጡ አልበላም።

ለራሴም ደመና ነበረ ስል ሰነበትኩ። አንድ ቀን ግን ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ እጄ ቀጥ አለ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ማታ ቤታችን መብራት አልነበረም። እናንተን እየጠበቅሁ ደጅ ወጥቼ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ለሚወለደው ልጅ ኮፍያ እሰፋ ነበር። ክሩን በምራቄ አርሼ፣ መርፌውን ወደ ላይ ይዤ፣ በጨረቃዋ ብርሃን ነው ያስገባሁት። ኮፍያው ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አውጥቼ አየሁት፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። በጨለማ የተሰፋ ስፌት ቀጥ አይልም። ጨረቃዋን በገዛ ዓይኔ አይቻት ነበር ማለት ነው፤ አንተ መጥተህ ጨለማ ነበር ስትል ግን ዓይኔን ትቼ አፍህን አመንኩ። ያስፈራኝ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ሲጠይቀኝ ጨለማ ነበር ብያለሁ፤ ስናገርም ጨለማው ይታየኝ ነበር እኮ።

ከዚያ ተናደድኩ። ስልክህን ያላነሳሁት በዚያ ሰሞን ነው። መርፌ ሰበርኩ፣ የሰው እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ፤ ቆራጩ ምን ነካሽ ሲለኝ ጥርሴን ነው አልኩት። ቤት ገብቼ መስኮቱን ከመጋረጃው በተረፈው ጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ጨረቃ እንዳትገባብኝ። መኪናዬ ሲዞር መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ይሰማኛል። መኪናውን ሳቆመው ድምፁ አብሮ አይቆምም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ መትቶ ነው የሚቆመው። አንድ ቀን ደግሞ ካፖርት ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ሳየው የልጆቼን አባት ስም ጠራሁ። ሰውየው ዞሮ አቤት አለኝ። ስማቸው አንድ ኖሯል። ቆራጩ ሲስቅ እኔ ጓሮ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መጥራቱስ ደግ፣ የሚጠራበት ሰው ግን ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም።

ዳኛዋም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ኦብዘርቫቶሪ እንዳለ፣ እውነተኛውን ሰማይ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንደሚያሳዩ፣ ለቤተሰብም ማታ ማታ እንደሚከፈት ባለ ማሽኑ ነግሯት ኖሯል። ውሰጂን ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። ዕለቱን የመረጠችው እሷ ናት። ስንደርስ ዘበኛው ዛሬ ጨረቃ ሞልታለች፣ ለኮከብ ክፉ ቀን መረጣችሁ ብሎ አዘነልን። እሷ ግን እያወቀች ነው የመረጠችው።

ትንሹ ተሰልፎ በቴሌስኮፑ ጨረቃን አየና ጠባሳ አላት፣ ወድቃ ነው እንዴ አለ። ዳኛዋ አልተሰለፈችም። ከቦርሳዬ የልብስ ጠመኔዬን አውጥታ ወደ ግቢው ወጣች። ሲሚንቶ የተነጠፈ ሰፊ ግቢ ነው። ገና መምሸቱ ስለሆነ ጨረቃዋ ከዛፎቹ ጥቂት ብቻ ከፍ ብላለች፤ ልክ ያኔ ጣሪያው ላይ በነበረችበት ከፍታ። ደመና የሚባል የለም። ተከትያት ስወጣ ጀልባው ምን ያህል ይረዝም ነበር አለችኝ። ከዚህ እስከዚህ ብዬ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ጠመኔውን እየጎተተች ጀልባ ሣለች። ወንድሟን ጠርታ ከኋላው ጫፍ አስቀመጠችው። እሷ መሀል ላይ ልትቀመጥ ስትል ቆም አለችና፣ «እማዬ፣ ቀዛፊ ፊቱ ወዴት ነው?» አለችኝ።

አንተ ታውቀዋለህ። እኔም የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ይሰጣል፤ ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ከኋላ ተቀምጦ ነበር ሲባል ከጀርባህ የነበረ አድርጌ ነው የማስበው። የሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ አንድም ሰው እንዴት አላነሳውም? ወደ ኋላ አልኳት። ዞራ ከወንድሟ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጆቿን እንደ መቅዘፊያ ሳብ መለስ እያደረገች አየችው። ሳቅ አለችው፤ ሳቀ። አኩርፍ አለችው፤ አኮረፈ። ፍራ አለችው። ትንሹ ተዋናይ ነው፤ ዓይኑን አፈጠጠ፣ አፉን ከፈተ። በትከሻዋ በኩል ስመለከት ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይታያል። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ ያ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ከንፈሩ፣ እሱ ራሱ ነው። የልጆቼ አባት ጠመኔ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ በፍርሃት ያየኛል። ልጄ እጆቿን አቆመችና ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አጎቴ ፊቱን አይቶታል» አለች።

ልትፈርድብህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልዋሽህም፣ እንድትፈርድብህ ፈልጌም ነበር። እሷ ግን አለቀሰች። ለአባቷ መስሎኝ ሳቅፋት፣ «ብቻውን እኮ ነው ያየው፣ እማዬ። እስካሁንም ብቻውን ነው የሚያየው» አለችኝ። ትንሹ ከጀልባው ሳይወርድ አሁንስ ምን ልሁን እያለ ይጠይቃል።

ሌላውም ነገር የገባኝ እዚያው ነው። የትንሹን ፎቶ ስንት ጊዜ ላክሁልህ? የእህቱን ስልክልህ አደገች፣ ከሳች፣ ጸጉሯን ምን አደረጋችሁት እያልክ ታደርቀኛለህ። የእሱን ስልክልህ ግን ጭጭ። በቪዲዮ ስንነጋገር እሱ ብቅ ሲል ያንተ ካሜራ ይበላሻል። አጎቱ ጠላው፣ ሳያውቀው ጠላው እያልኩ ስንት ቀን ሆድ ብሶኛል። ልጄን መጥላትህ አልነበረም። ያንን ፊት አንዴ አይተኸዋል፤ ሁለተኛ ማየት ነው ያቃተህ።

እንግዲህ ልመናዬን ስማ። ለምን አልዘለልክም ብዬ አልጠይቅህም። ያን ካፖርት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን ያህል ቶሎ ወደ ታች እንደሚስብ ከማንም በላይ ይገባኛል። ብትዘል ሁለታችሁንም አጥቼ ይሆናል፤ ወይም ሁለታችሁንም አግኝቼ። ማን ያውቃል። ደግሞ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ያን ማታ በሬን ስታንኳኳ ልብስህ ደረቅ ነበር፤ ቀኝ እጅጌህ ብቻ እስከ ብብትህ ርሷል። እኔ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ልብሱን ነው የማየው፤ ሐዘን ላይም ቢሆን ዓይኔ እጅጌ አያልፍም። ቀዛፊ እስከ ብብቱ አይርስም። በጨለማ ምንም ያላየ ሰውም እጁን ወዴት ይሰዳል? አይተኸዋል፤ እጅህንም ዘርግተህለታል። ይህንን እንኳ ነግረኸን ቢሆን ምን ነበረበት? እጅህ ደረሰለት? ያዘህ? ከያዘህ በኋላ ነው የለቀቀህ?

ተናድጄብሃለሁ፤ ይህን ስጽፍም ተናድጃለሁ። እወድሃለሁም። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ እንደ ክፉ ጎረቤት ተቻችለው ይኖራሉ። የምጠይቅህ ፊቱን ነው። ምን ይመስል ነበር? አንተን ነው የጠራው ወይስ እኔን? ወይስ ምንም አላለም? ይህን ሁሉ ዓመት በሕልሜ ውሃ ውስጥ የሚወድቀው ሰው ፊት የለውም፤ ጨለማ ነበር ስላልከኝ ፊት አላወጣሁለትም። የከፋም ቢሆን ስጠኝ። እንዳልጎዳ ብለህ ከሆነ የደበቅከኝ፣ ተጎድቼ ጨርሻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለህ ከሆነም፣ የፈጀው ሆድህን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም። የመስኮቱን ጨርቅ አንስቻለሁ። ትናንት ማታ ጨረቃዋ ገብታ የሦስታችንም አልጋ ላይ አረፈች፤ ማንም አልተነሣም።

እንግዲህ ሰላምታ ልጨርስ፤ ወረቀቱም እያለቀ ነው። ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳትለው፣ እኔንም እንዳትቀየመኝ ንገርልኝ። ጥርስ ነቃዩን ልጃችሁን ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳምልኝ፤ ከነከሰህም ቻለው። በሌሊት ፈረቃ አብሮህ የሚያድረውን የሥራ ባልደረባህን፣ ያንን ሳቂታ በያጅ፣ ሰላም በልልኝ። ቆራጫችን በዓይኑ ሳያይህ ሰላም ብሎሃል፤ ሰላምታ በሜትር አይሸጥም ይላል። ዳኛዋ እጅ ነስታለች። ምን ልበልልሽ ስላት ብዙ አሰበችና፣ አሁንም የአጎቴ ይበልጣል፣ ቆርሶ ያካፍለን በይልኝ አለች። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለኝም።

ትንሹም ሰላም ብሎሃል። ኮረብታው ላይ የተነሣው ፎቶ አብሮ አለ፤ ፖስታው ውስጥ የከተተው ራሱ ነው። በኋላ ፖስታውን ከፍቼ እኔ ፎቶውን በፊቱ ደፋሁልህ። የቻልክ ዕለት ቀና አድርገው።

የምትወድህ እህትህ

ከስፌት ቤቱ፣ መስኮት ሥር ካለው መኪና
ሐሙስ፣ ጨረቃዋ ከሞላች በኋላ መጉደል ስትጀምር